ሽቦው በወንድሜ ገብስ ላይ

ጥቅምት 12፣ ረፋድ
ደብተሬ፣ ስማኝ። የገበሬ ማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ስገለብጥ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። የከፍተኛ ኃይል መስመር የሚዘረጉት ሠራተኞች የታላቅ ወንድሜን የይመርን ገብስ ረግጠው ለብረት ምሰሶ ይቆፍራሉ። ወር ቢታገሡ ይታጨድ ነበር። ይመር «በሕግ አምላክ!» አላቸው። በእኛ አገር ይህ የተባለ ሰው እግሩን አያነሣም፤ ደመኛም ቢሆን ይቆማል። አለቃቸው ግን ሳቀ። መሬቱም ሽቦውም የሕዝብ ነው ብሎ አልፎ ገባ። ይመር በሽመል ግንባሩን ፈለጠው።

ጥቅምት 13
አብዮት ጠባቂዎች ይመርን በሰደፍ ቀጠቀጡት። ሁለት ጥርሱ ረገፈ። የእስሩን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ ነኛ! የማኅበሩ ሊቀ መንበር አጠገቤ ቆሞ ነበር። ፈሪ ነኝ።

ጥቅምት 29
ተፈታ። ልጠይቀው ሄድኩ። ገና ከአጥሩ ሳልገባ፣ በሕግ አምላክ ደጄን እንዳትረግጥ አለኝ። እንደ ሥርዓቱ ቆምኩ፤ ተመለስኩ። ሽማግሌ እስኪያስታርቀን እንግዲህ እንዲሁ ነን። ሚስቱ፣ ጥሩ፣ ደጁ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ተናድጃለሁ። ይበለው!

ኅዳር 18
ደብዳቤ መጣ፦ ከነገ ጀምሮ ሽቦው ላይ ኃይል ይለቀቃል፤ ከሥሩ እህል አይከመር፣ ረጅም እንጨት አይነሣ። ቤት ለቤት ዞሬ ተናገርኩ። የይመር አጥር ጋ ስደርስ ቆምኩ። ቃሉ አስሮኛል፤ ከጎረቤት ይሰማል አልኩ። ለአንተ ልዋሽ? ቃሉ ብቻ አይደለም፤ አኩርፌም ነበር።

ኅዳር 21፣ 9 ሰዓት
ይመር ሞተ። አውድማው ከአያታችን ጀምሮ እዚያው ነው፤ ሽቦው ደግሞ እዚያ ላይ ረግቧል። ክምሩ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ የክምሩን መደገፊያ ርጥብ ባሕር ዛፍ ቀና ሲያደርግ ሽቦውን ነካ፤ ኃይሉ ያዘው። ወርውሮ ጣለው። እጆቹ ከስለዋል። ገብሱም ነደደ። ጥሩ ፊቷን እየቧጨረች ወደ እሳቱ ትሮጣለች፤ ሦስት ሆነን ያዝናት።

ኅዳር 22
ቀበርነው። አፈሩ ሳይደርቅ ሊ/መንበሩ ጠራኝ። ጥፋቱ በማኅበሩ እንዳይመካኝ፣ ሽቦ ሊቆርጥ ወጥቶ ሞተ ብለህ ጻፍ አለኝ። እንዲያ ከተጻፈ ይመር ፀረ ሕዝብ ነው፤ ጥሩም ከአራት ልጆቿ ጋር ከመሬቱ ትነቀላለች። የሊ/መንበሩን ጉሮሮ ልፈጠርቅ ፈለግሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አሁንም እፈልጋለሁ።
ጻፍኩ፤ ግን እንዲህ ብዬ፦ ይመር ሽቦ ሊቆርጥ አልወጣም። ማስጠንቀቂያው አልደረሰውም። ያላደረስኩት እኔ ወንድሙ ነኝ። ፈረምኩ፤ ማኅተም መታሁ። ነገ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አነበዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጠዋት ሄጄ ለጥሩ በአፌ እነግራታለሁ። ድንጋይ ብታነሣብኝም አልሸሽም።