ነፃው ሎብስተርና የእኔ ስለት

ሰኞ

ነፃውን ሎብስተር አስቀሩት! ያየሁት ጠዋት አትላንታ ኤርፖርት አጠገብ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሆቴሉ በር ላይ የምነዳውን የኤርፖርት ሻትል አቁሜ መንገደኛ ስጠብቅ ነው። ፌስቡክ ላይ ያለው የመዝናኛ መርከቡ ተሳፋሪዎች ግሩፕ ተተራምሷል። አንዷ ሴትዮ «ይህን ሁሉ ከፍለን ለሎብስተር ደግሞ ሌላ ክፈሉ እንባላለን?» ብላ ጽፋ፣ ከሥሯ መዓት ሰው ተንጫጭቷል። ድሮ በጠየቁ ቁጥር ይመጣ የነበረው ካቪያር የሚሉት የዓሣ እንቁላል በክፍያ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ከሻይ ጋር የሚዞረው ትንንሽ ኬክ ቀርቷል። ማታ ትራስ ላይ የሚቀመጠው ቸኮሌት እንኳ ቀንሷል አሉ። አንድ ሽማግሌ ባዶ ትራሱን ፎቶ አንስቶ ለጥፏል። ሐዘኑ የእውነት ነው።

እኔ መርከብ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ግሩፑ ውስጥ የገባሁት ለባሌ ስል ነው። ዳዊት እዚያ መርከብ ላይ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ባለችው ትንሿ ምግብ ቤት ውስጥ ሼፍ ነው። ተሳፋሪዎቹ የሚበሉትን ሁሉ ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ዓሣውን አላይም፤ ከሳህኑ ኋላ የዳዊት እጅ አለ ወይ ብዬ ነው የምፈልገው። አውራ ጣቱ ላይ ዘይት ያቃጠለው ጠባሳ አለ። እሱን ያየሁ ቀን ደህና እውላለሁ።

ከፋሲካ ማግስት እንደሄደ ነው። አሁን እኛ የምንኖርባት የታከር ዛፎች ቅጠላቸውን እያራገፉ ነው።

ማክሰኞ

ስለዚያች ምግብ ቤት ልጻፍ፤ ሌላ ቦታ ስለማልናገረው። እስካሁን ለተሳፋሪው ሁሉ ነፃ ነበረች፤ የቲኬቱ ዋጋ ውስጥ ናት። አሁን ግሩፑ ውስጥ ያሉት ሁሉ «ቀጣዩ ተራ የእሷ ነው» እያሉ እየተጨነቁ ነው። እነሱ ሲጨነቁ እኔ ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ተስያለሁ። ባለፈው ወር ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ «ቅዱስ ገብርኤል፣ ያቺን ምግብ ቤት ብታዘጋልኝ ጥላ አስገባለሁ» አልኩ። ያን ትልቁን፣ ዘርፍ ያለውን።

ለምን «ባሌን መልስልኝ» አላልኩም? አፈርኩ። ትልቅ ልጅ ያላት ሴት፣ ባሏ ወጥቶ ሠርቶ የሚያኖራት፣ ናፈቀኝ ብላ መልአክ ፊት ታለቅሳለች? ከመልአክ ጋር እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ነው የማወራው። ምግብ ቤቷ ከተዘጋች ሥራው ያበቃል፣ ሥራው ካበቃ ወደ ቤት ይመጣል ብዬ ነው። የቀረውን መልአኩ ራሱ ይረዳዋል ብዬ።

ስለቱን ለእትዬ አስካለ ብቻ ነግሬያለሁ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ምስጢር ይይዛሉ። ልጄ ቤዛም ሰምታለች፤ ኩሽና ቁጭ ብላ ጆሮዋ ውስጥ የከተተችው ነገር ሙዚቃ መስሎኝ።

ረቡዕ

ተዘጋች! ኩባንያው በኢሜይል አሳውቋል፤ ግሩፑ ላይ ለጥፈውታል። ይህ ጉዞ ሲያልቅ ምግብ ቤቷ ታበቃለች፤ ቦታው የሰዓትና የሽቶ ሱቅ ይሆናል። ሰው ሁሉ ይራገማል። እኔ ሻትሉ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ኤርፖርቱ በር ላይ የቆመው ተቆጣጣሪ መስኮቱን አንኳክቶ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

ማታ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ጠረግኩ። የመኝታ ቤቱን መጋረጃ አውርጄ አጠብኩ። ይመጣል!

ሐሙስ

አይመጣም።

ግሩፑ ላይ ሁለት አሮጊቶች ዳዊትን መሃላቸው አቁመው የተነሱትን ፎቶ አየሁ። ሙሉ ፊቱን! ከስቷል። ነጩ ልብሱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ግን እየሳቀ ነው። ከሥሩ የጻፉት፦ «ተወዳጁ ሼፋችን በኤዥያ ወደሚዞረው አዲሱ መርከብ ሊዛወር ነው። እነዚያ ታድለዋል!» ከዚያ ልብ፣ ልብ፣ ልብ።

የባሌን ነገር ከማላውቃቸው አሮጊቶች ሰማሁ። ቀኑን ሙሉ የመንገደኛ ሻንጣ ሳነሳና ሳወርድ ዋልኩ፤ የአንዱንም ሰው ፊት አላስታውስም። ኤዥያ! ከዚያ ሲደውል እዚህ ሰው የሚተኛበት ሰዓት ነው። ፎቶውን እንኳ ማን ያነሳልኛል? ያኛው መርከብ የራሱ ግሩፕ ይኖረው ይሆን ብዬ ፈለግኩ። ፍለጋዬን ሳየው በራሴ አፈርኩ።

ዓርብ

ዳዊት ደወለ። መርከቡ አንዲት ደሴት ላይ ቆሞ፣ ወርዶ ወደብ ላይ ኔትወርክ አግኝቶ ነው።

«ዘጉብን» አለኝ።

«ውይ!» አልኩ፣ እንዳልሰማ ሰው።

አብረውት የሚሠሩትን ልጆች ወደ መርከቡ ትልቅ ቡፌ እንደወሰዷቸው ነገረኝ። ለሱ ሌላ መርከብ ሰጥተውታል። «ኮንትራቱን ልከውልኛል፤ ገና ሳይን አላደረግኩም። የነገ ሳምንት ቅዳሜ ፍሎሪዳ ስንደርስ መልስ ይፈልጋሉ።» ከኋላው ሰው በማላውቀው ቋንቋ ይጮሃል። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

አሁን ነበር ጊዜው። አፌ ላይ ነበር።

«አንተ የሚሻልህን አድርግ» አልኩት።

«እሺ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ መሰለኝ፤ ኔትወርኩም ሊሆን ይችላል። ስለ ቤዛ ትምህርት ጠየቀኝ፣ ስለ መኪናዬ ጎማ ጠየቀኝ፣ ተሰነባበትን። ስልኩን ዘግቼ የሽንት ቤት በር ቆልፌ አለቀስኩ። የሚሻለውን እኔ አውቃለሁ እኮ፤ እኔ ነኝ የሚሻለው።

ቅዳሜ

እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የተሳልሽው እንዲዘጋ ነው እንዲመጣ?»

«እንዲዘጋ ነው እትዬ። ግን ሐሳቤ እንዲመጣ ነበር፤ እርስዎም ያውቁታል።»

«ተዘጋ አልተዘጋም?»

«ተዘጋ።»

«እንግዲያው ስለትሽ ደርሷል። ጥላውን አስገቢ። በስለት ቀልድ የለም ልጄ።»

ይህ ፍርድ ነው? ግን መከራከር አልቻልኩም። የሐበሻው ሱቅ ሄጄ ጥላ ገዛሁ። ቀዩን ከወርቅማ ዘርፍ ጋር። ባለሱቁ «ስለትሽ ደረሰልሽ? እንኳን ደስ ያለሽ!» አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩ፤ ምን ልበል? መኪናው ውስጥ አልገባ ብሎ ከኋላ እስከ ፊት ወንበር አጋደምኩት፤ ዘርፉ ጉልበቴ ላይ እየተርገፈገፈ ነዳሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ በክርስትና ስሜ ተጠራሁ። «እህታችን ወለተ ማርያም ስለቷ ደርሶላት…» ሲባል ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ጥላውን ይዤ ወደ ፊት ሄድኩ። ቄሱ መረቁኝ፤ ምርቃቱን እንኳ በደንብ አልሰማሁትም።

ከውጭ ሴቶቹ ከበቡኝ። እንኳን ደስ ያለሽ! እንኳን ደስ ያለሽ! አንዷ ሆዴን ሰረቅ አድርጋ አየች። በዚህ ዕድሜዬ! ሌላዋ «ቤት ገዛችሁ?» አለች።

«አይ፣ የሥራ ጉዳይ ነው።»

«የዳዊት? እድገት አገኘ?»

«ወደ ኤዥያ ሊልኩት ነው» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ሴትየዋ እንደገና እልል አለችልኝ፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ባሌ ስለራቀ እልል ሲባልልኝ ቆሜ ፈገግ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ቤዛ ከጎኔ ቁጭ ብላ ስልኳን እጇ ላይ ስታገላብጥ ቆየች። በኋላ፣

«ማሚ፣ ላይክ፣ ለዳድ ነግረሽዋል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እንዲመጣ እንደምትፈልጊ።»

«ያውቃል።»

«ሃው?»

«ሚስቱ ነኝ። ያውቃል።»

«ማሚ፣ ለገብርኤል ነገርሽው፣ ለእትዬ አስካለ ነገርሻት፣ ለዳድ ግን ኖ? ሲሪየስሊ? ዛት ሜክስ ኖ ሴንስ።»

እትዬ አስካለን «ነገርሻት» ስላለች ልቆጣት ፈለግኩ። «ነገርሻቸው በይ» አልኳት።

ሰኞ

በድምፅ መልእክት ልልክለት ሞከርኩ፤ ምክንያቱም ስጽፍ ሁልጊዜ «ደህና ነን፣ አታስብ» ነው የሚወጣኝ። የሞከርኳቸው፦

ስለ ጣሪያው ውሃ መውረጃ ጀመርኩ። አጠፋሁት።

ስለ ቤዛ ውጤት ጀመርኩ። አጠፋሁት።

«ኤዥያ ምግቡ ጥሩ ነው ይላሉ» አልኩ። ምን ነካኝ? አጠፋሁት።

በመጨረሻ መንገደኞቹን አውርጄ፣ ባዶ ሻትል ውስጥ መሪውን እንደያዝኩ፣ «ዳዊት፣ ና። ናፍቀኸኛል። ማታ ማታ ያንተን ወገን ትራስ አቅፌ ነው የምተኛው። አትፈርም» አልኩ። ሳላዳምጠው ላክሁት። ስልኩን መሳቢያው ውስጥ ወርውሬ ዘጋሁበት። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ለዚህ ሰው «ና» ብዬው አላውቅም እኮ። «መቼ ትመጣለህ?» እንኳ የምለው በቤዛ በኩል ነው።

ማክሰኞ

መልስ የለም። ባሕር ላይ ናቸው፣ ለሠራተኛ ኔትወርክ የለም። ወይም ሰምቶ ዝም ብሏል። ወይም ፈርሟል።

ግሩፑ ላይ የምግብ ቤቷን የመሰናበቻ እራት ፎቶዎች እየለጠፉ ነው። ሰው ሁሉ ለብሶ አጊጦ መጥቷል። ሳህኖቹን አየሁ። ቀጭን ዓሣ፣ አረንጓዴ መረቅ፣ አንዲት ትንሽ አበባ። አንዱ ላይ እጁ አለ፤ አበባዋን በሁለት ጣቱ ይዞ ሊያስቀምጥ ሲል። እንዲህ ተጠንቅቆ የያዘውን ነገር ነው እንዲዘጋ የጸለይኩት። ከዚህ በፊት እንደዚህ አላሰብኩትም ነበር። ለኔ ያቺ ምግብ ቤት ባሌን የወሰደች ሴት ነበረች። ለሱ ግን የደከመባት ሥራው ናት፤ በቅርቡ በቦታዋ የሽቶ ሱቅ ይሠሩባታል። አዘንኩለት። ያም ሆኖ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ረቡዕ

ደወለ!

«መልእክትሽን ሰማሁት። ደጋግሜ» አለኝ።

«እና?»

«ለምንድነው እስከ ዛሬ ያልነገርሽኝ?»

«ታውቃለህ ብዬ።»

«አላውቅም ነበር። ቤቱን ያለ እኔ ለምደሽዋል ብዬ ነው።» «እኔ እኮ ስመጣ እንግዳ ነኝ» አለ። «አዲስ ፎጣ ታወጪልኛለሽ። ቤዛን አባትሽ ደክሞታል፣ ዝም በይ ትያታለሽ። ሳህን ላንሳ ስል ‹ተቀመጥ!› ትይኛለሽ። ዶሮው፣ ጥብሱ፣ ጠረጴዛው ሙሉ ነው። ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሳስተናግድ ከርሜ ቤቴ ስገባ እኔው እንግዳ እሆናለሁ። እንግዳ ደግሞ መሄዱ አይቀርም።»

እኔ በዚያ ዶሮ ነበር «ናፍቀኸኛል» የምለው። እሱ የሰማው ሌላ ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኩት።

«ኩባንያዬ እንዳደረገው አድርጊ። በነፃ የምትሰጪኝን ሁሉ ቁረጪው።»

ሳቅን፤ ሁለታችንም። እኔ እያለቀስኩም ነበር። «ፈርመሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቅዳሜ አትላንታ እገባለሁ» አለ። ያ መልስ ነው? መስመሩ ተቋረጠ።

ዓርብ

እጄ ልማዱን አልተወም፤ ከሥራ ስመለስ ሁለት ዶሮ ገዛሁ። ቤት ስደርስ አፈጠጥኩባቸውና ፍሪዘር ውስጥ ከተትኳቸው። አዲሱን ፎጣም መለስኩት፤ የተለመደውን፣ ጠርዙ የተተረተረውን ሰቀልኩ። ለጾም ምስር ወጥ ሠርቼ በላን፤ የተረፈውን ከነድስቱ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። ዝም ብሎ መቀመጥ ከባድ ሥራ ነው። እትዬ አስካለ «ባልሽ ሊመጣ ምንም አልሠራሽም?» ብለው ደነገጡ። «አዎ እትዬ፣ ምንም» አልኳቸው።

ቅዳሜ

መጣ። በሻትል ሳይሆን በራሴ መኪና ነው የተቀበልኩት። ሰው ፊት ተቃቅፈን ቆየን፤ ቤዛ «ኦኬ፣ ኢናፍ» እስክትል።

አልፈረመም። ሰዎቹ እንጠብቅሃለን ብለውታል፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩትም። እሱ እዚህ ሥራ ልፈልግ ይላል፤ ያገኛል አያገኝም፣ አላውቅም። የመርከቡን ዓይነት ኩሽና ታከር ውስጥ የት ያገኛል? ይቆጨው ይሆን? አልጠየቅኩትም። እጠይቀዋለሁ፤ አሁን መጠየቅ ጀምሬያለሁ።

ቤት እንደገባን ራበኝ አለ። ልነሳ ስል ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። «ፍሪጅ ውስጥ ምስር አለ» አልኩት። አየኝ። ሄዶ ድስቱን አወጣ፣ ራሱ አሞቀው፣ በማንኪያ ቀመሰው። ፊቱን አጨማደደ። የትናንት ምስሬን!

«ጨው ያንሰዋል። ጨው የት ነው?»

የኩሽናውን ቁም ሣጥን ሁሉ ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። ብርጭቆ አገኘ፣ የቤዛን ቫይታሚን አገኘ፣ የማይሠራ ባትሪ አገኘ። ቤዛ ልትነግረው አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኳት። ይፈልግ።