ጎህ ሲቀድ የተንኳኳው በር

ቢቸና፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰፈርተኛው ነፍስ ይማር ብሎ ለጨረሰለት ውድ ልጄ ለባንተአምላክ፤

ጤናህ እንደምን ነው? ዘንድሮ ይህን ጥያቄ እንደ እኔ ከልቡ የጠየቀ አባት የለም። እኔና እናትህ ፈንታነሽ ደህና ነን። እኔማ በጀግንነት ነው የከረምኩት፤ አንብበህ ፍረድ።

ለልደት ከሞጣ እመጣለሁ ብለህ ቀረህ። ስልኩ ተቋረጠ፣ መንገዱ ተዘጋ። ቀጥሎም ከሞጣ የተነሣ መኪና ተኩስ መሀል ገባ የሚል ወሬ መጣ። እኔም ቄስ ነኝና በየእሑዱ "አትፍሩ፤ እግዚአብሔርን አምናችሁ ጠብቁ" እያልኩ ሕዝቡን አጽናናሁ። ሕዝቡ ተጽናና። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ በሩን በሁለት መወርወሪያ ቀረቀርኩ፤ ፀሐይ ሳይሞቅ ለማንም አልከፍትም አልኩ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነዋ! ሠላሳ ዓመት የሰው በር እያንኳኳሁ ያረዳሁ እኔ፣ ያቺን ማንኳኳት አውቃታለሁ። በሩ ካልተከፈተ መርዶ አይገባም፤ መርዶ ካልገባ ልጄ አልሞተም። የአባትህ ሥነ መለኮት ይኸው ነው።

ሃያ አምስት ቀን እንዲህ ሆንን። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዘመነ እየመጣ ግቢያችን ድንኳን ይይዝ እንደሆነ በእርምጃ ይለካል። እናትህ ነጠላዋን እንኳ አልዘቀዘቀችም። "ጋሽ ዘመነ፣ ለሠርጉ ነው የምትለካው?" ትለዋለች።

ትናንት ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋቢዬ ውስጥ ጠለቅሁ።

"ቄሴ፣ ሰው ነው፤ ይነሡ እንጂ" አለች እናትህ።

"ነፋስ ነው።"

"ነፋስ 'ቤቶች' ይላል?"

"ፀሐይ ይውጣ።"

"ያን ሁሉ ሰው አትፍሩ የሚሉት መወርወሪያ ገዝተውለት ነው? እግዚአብሔርን ካመኑ ይክፈቱ፤ ካላመኑ ጥምጣሙን ያውርዱ!"

ተነሣሁ። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ሄድኩ፤ ብርዱ ነው። "ጌታ ሆይ፣ ያመጣኸውን አምጣ" ብዬ ሁለቱንም መወርወሪያ ሳብኩ።

አከራይህ ሙሐመድጣሂር፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ከሞጣ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ!

"አባ፣ ልጅዎ ደህና ነው፤ መኪናው ላይ አልተሳፈረም። ይኸው የእጁ ጽሑፍ። ከሞጣ እዚህ መድረሱስ ቀሎኝ ነበር፤ ከደጃፍዎ መግባቱ ነው የከበደኝ!"

እናትህ እልል አለች። እኔ ግን ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ጎረቤቱ በዚያ ሰዓት ጩኸት ሰምቶ ምን ይበል? ራሱን ይዞ እያለቀሰ ግቢውን ሞላው። ጋሽ ዘመነ ድንኳኑን በጋሪ አስጭኖ ደረሰ። እናትህ "ልጄ አለ!" ስትል፣ "ወይኔ፣ አእምሮዋን ሳተች" ብለው ባሰባቸው። በመጨረሻ ሙሐመድጣሂር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ስነሣ እስከ ከተማው ዳር ሸኝቶኛል! ሙት ይሸኛል እንዴ?" ቢል ለቅሶው ቆመ።

"ታዲያ ይህ ይመለስ?" አለ ጋሽ ዘመነ፣ ድንኳኑን እያየ፣ ቅር ብሎት።

"ትከለው!" አለች እናትህ።

ተተከለ። ለሐዘንህ የተቀቀለው ንፍሮ በጭብጨባ ተበላ፤ ሊያለቅስ የመጣው ሁሉ ጨፈረ።

ከዚያ ቃል ያሰሙን ተባልኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስብከት ጨርሼ የማላውቀው ሰውዬ ቆምኩና "ባንተአምላክ..." ብዬ ቀረሁ። ጋሽ ዘመነ "አሜን" አለ፤ ድንኳኑ ሁሉ ተቀበለው።

መንገዱ እስኪከፈት አትቸኩል ልጄ፤ መጠበቁን እናትህ አስተምራኛለች። በዚያ ቀን ከመሳፈር ያስቀረህ አምላክ፣ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልኝ። ዕድሜህን እንደ ስብከቴ ያርዝመው።

አንድም ቀን ያልፈራው አባትህ፣
ቄስ አካለ ወልድ