በበረዶ ቤት ስላደረችው መርፌዬ

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን የአስተዳደር ኃላፊ፤
(ከፍሪጁ ጎን የተለጠፈ፤ ያነበበ ሁሉ ያስነብብ)

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ራስዎ፣ ደህና ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። የእኔን ከጠየቁኝ፣ ባይጠይቁኝም ልንገርዎት፣ እጅግ ደህና ነኝ። በጥረዛ ክፍል "እትዬ ሻሽ" የተባልኩት ግንባሬን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስሬ ስለምውል ነበር። ማይግሬኑ ሲነሳብኝ የማሽኑ ጩኸት በጆሮዬ ሳይሆን በዓይኔ የሚገባ ይመስለኝ ነበር፤ የቀለሙ ሽታማ ከክፍሉ ያስሮጠኝ ነበር። ሐኪሜ በወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መከላከያ መርፌ ካዘዘችልኝ ወዲህ ግን ሻሹ ተጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ሕመሙ ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ ብቅ ሲል ግን እንደ እንግዳ ነው እንጂ እንደ ድሮው ቤተኛ አይደለም።

ለዚህ ደስታዬ ክቡርነትዎ ያደረጉልኝን ሁሉ በዝምታ ማለፍ ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መርፌውን ከመድኃኒት ቤት የምወስደው በምሳ ሰዓት ስለሆነ፣ ወደ ቤቴ እስክሄድ በመሥሪያ ቤታችን ፍሪጅ አቆየዋለሁ። ባለፈው ጊዜ አምሽተን ስንሠራ ረስቼው ሄድኩ። ክቡርነትዎ ለሐብሐብዎ ቦታ ሲፈልጉ መርፌዬን ከነካርቶኑ አንስተው በረዶ ቤቱ ውስጥ ስለሸጎጡልኝ አመሰግናለሁ። እንደ ሥጋ ይበረክትላታል ብለው ለእኔው አስበው ነው። ችግሩ ይህ መድኃኒት ቅዝቃዜ ይወዳል እንጂ በረዶ አይችልም፤ አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይወጉትም፣ ይጣላል። ሐብሐቡ ግን ጣፋጭ ነበር አሉ።

፪. "አይሆንም" ስልዎ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ምን ታካብጃለሽ? ሙጫ ማሞቂያው ላይ ጣል አድርጊውና ተወጊ!" ብለው በነጻ ስላከሙኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ማሞቂያ የምንጠርዘው መጽሐፍ ነው፤ ጭኔ ገና ሽፋን አላስፈለገውም። ደህናው መርፌ እንኳ ከፍሪጅ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ በራሱ ጊዜ ይለዝባል እንጂ አይሞቅም፣ አይናጥም። ከዚያም እጄን ታጥቤ፣ ፈሳሹንና ቀኑን አይቼ፣ አንዱን ወር ጭኔን ሌላውን ወር ሆዴን እወጋለሁ። ያገለገለውን ደግሞ ጠንካራ ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሜ ለጤና ጣቢያው እመልሳለሁ እንጂ፣ ክቡርነትዎ እንደፈሩት የማንንም ጣት እንዲወጋ የትም አልጥለውም።

፫. በዚያ ወር መርፌ ስላልነበረኝ ሻሹ ከመሳቢያ ወጣ። መጋረጃ ዘግቼ በተኛሁባቸው ቀናት "ያለ ፈቃድ ቀረች" የሚል ማስጠንቀቂያ ስለጻፉልኝ፣ ከዚያም "ፍሪጁ ለምግብና ለመጠጥ ብቻ" የሚል ትእዛዝ ስላወጡ እጅ ነሥቻለሁ። በፍሪጁ በር ኪስ የተቀመጠው የክቡርነትዎ የፀጉር ቀለም ምግብ ይሁን መጠጥ ግን እስካሁን አልለየንም።

እንግዲህ በታላቅ አክብሮት የማሳውቅዎ ይህንን ነው። በመጪው አርብ መርፌዬን ስሜን ጽፌ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ከወዲሁ ቢያዘጋጁት ጊዜ ይቆጥብልናል፤ መቀበሌን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ከሥራ አሰናብትሻለሁ ቢሉኝም በጀ፤ ጥረዛ በየትም አለ። ለእርስዎ ሐብሐብ ስል ግን ያንን ሻሽ ዳግመኛ አላስርም።

የክቡርነትዎን ቸርነት በየወሩ በመርፌ ጫፍ የምታስታውስ፣
ሻሿን የፈታችው ጠራዥዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤትዎ ሰሞኑን ጥረዛ ክፍል መጥተው ነበር። ለካ እሳቸውም መጋረጃ ዘግተው የሚውሉ የእኔ ቢጤ ኖረዋል! መርፌዬን እንዳካፍላቸው ሲጠይቁኝ፣ ይሄ እንደ ስኳር የሚበዳደሩት ነገር አይደለም ብዬ ወደ ሐኪሜ ላክኋቸው፤ ታዘዘላቸው። ቤት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት ብላቸው፣ "እሱ ባለበት ቤት? በሞቴ እህቴ፣ ካንቺው ጋር ይቀመጥልኝ፤ እዚያ እንኳ የሚያይ ሰው አለ" አሉኝ። ይህንንም ጻፊለት ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ አርብ ዕለት መደርደሪያው ላይ ሁለት ካርቶን ያገኛሉ። ሐብሐብዎን ቤትዎ ያስገቡት፤ እዚያ ሰፊ ቦታ አለ ብለዋል።