ምንጫችን ላይ ያኖርከው አረንጓዴ ምልክት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለመክብብ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሴናስ፣ ልጆቹስ? የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማም ጉልበቷን ከማመሟ በቀር ደህና ናት። ስልክ መደወል ጠፍቶኝ አይደለም የምጽፍልህ፤ በስልክ ብጀምርህ ጮኼብህ ሳልጨርስ እዘጋዋለሁ። ተናድጃለሁ መክብብ፣ በጣም ተናድጃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ፕላን የሚሠሩ ባለሙያዎች ሰፈራችንን አዳራሽ ጠርተው የከተማውን ካርታ በትልቅ ስክሪን ዘረጉልን። ከታች ሰፈር እስከ አስፋልቱ አዲስ መንገድ ሊወጣ ታስቧል፤ መንገዱ ምንጫችንን ደፍኖ ያልፋል። የሚደግፍ አረንጓዴ፣ የሚቃወም ቀይ ምልክት በጣቱ ይንካ አሉን። በስልክም ይቻላል፣ ሊንኩ ለሁሉም ክፍት ነው ተባለ። ቧንቧው በጠፋ ቁጥር ጀሪካናችንን የምንሞላው ከዚያ ምንጭ መሆኑን መቼም አትረሳውም። ዘንድሮ ደግሞ ቧንቧው ብሶበት ብቅ የሚለው እንደ እንግዳ ነው።

እኛም እንደ ወጋችን ተመካክረን ጋሼ ሞሲሳን ወከልን። ሽማግሌ ከተናገረ ሰፈር ተናገረ ማለት አይደል! እሳቸውም ተነሥተው፣ ይህ ቡርቃ፣ ይህ ምንጭ የሁላችን ነው፣ የምነካውም ስለ ሁላችሁ ነው ብለው መርቀው ቀዩን ነኩ። አጨብጭበን ተቀመጥን። ስክሪኑ ግን «አንድ ተቃውሞ» ብሎ አረፈው። ባለሙያው፣ ሲስተሙ የሚቆጥረው እያንዳንዱን ሰው እንጂ ውክልና አይደለም አለን። ጋሼ ሞሲሳ አፍረው ኮፍያቸውን ዝቅ አደረጉ። እናሳትፋችሁ ብሎ ጠርቶ፣ እናንተ እንዴት ነው የምትመክሩት ብሎ አለመጠየቅ ምን የሚሉት ማሳተፍ ነው? ደሜ ፈላ።

ቀጥለው የደጋፊዎቹን አስተያየት አንድ በአንድ ይከፍቱልን ጀመር። ከመካከላቸው ያንተ ፎቶ ብቅ አለ። ከሥሩ «ከተማችን ትዘምን፤ የጭቃ ጉድጓድ ይብቃን» ብለህ ጽፈሃል። የጭቃ ጉድጓድ! ጠጥተህ ያደግክበትን ውኃ! አዳማ ተቀምጦ፣ ውኃው በደጁ እየፈሰሰለት፣ በእናቱ ጀሪካን ላይ የሚፈርድ ወንድም አለኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እማማ ማንበብ ስለማትችል ፎቶህን ስታይ ደስታዋን አልቻለችውም። ልጄ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ምንጩ አይነካ ይላል አልኳት። ያን የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ብድግ አለችና፣ አገሩን ያልረሳ ልጅ የሰጠኸኝ ተመስገን ብላ በሰው ሁሉ ፊት መረቀችህ። ማንበብ የሚችለው ሁሉ አንገቱን ደፋ እንጂ አንድም ሰው አላረማትም።

እስከ ወሩ መጨረሻ ምልክት መቀየር ይቻላል ብለዋል። እዚህም ስልክ ያለው የሌለውን እያስነካ፣ ቤት ለቤት እየዞርን ነው።

ሴናን ናፍቀሽኛል በልልኝ፤ ፋኦልንና አሜንን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ጋሼ ሞሲሳ ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ ያነበቡትን አላነሡብኝም። እማማ ሰላምታዋ ብዙ ነው፤ ልጄ ለምንጩ ቆመ እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። አንተ ካልቀየርከው ግን እኔ ሁለተኛ አልዋሽላትም።

እህትህ ገሊላ
መቱ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.