ፌን ወደ አባቱ ቤት የሄደ ዕለት

ራይስ ሌክ፣ ዊስኮንሲን
ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2019

ለምወድህ ልጄ ለሶረን፣

እዚያ ባሕር ማዶ ቡሳን እንዴት ከረምክ? ሱዮንስ እንዴት ናት? እዚህ ሐይቁ በብርድ ረግቶ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ሆኗል፤ ሰዉ መኪናውን በላዩ እየነዳ ዓሣ ሊያጠምድ ይሄዳል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው። ላሞቹ ከተሸጡ ወዲህ እንኳ ሳይነጋ መነሳቱን አልተወም። ይነሳና የሚያልበው ሲያጣ ወጥ ቤት ገብቶ ሬዲዮ ይከፍታል። ምን ትሰማለህ ስለው “የወተት ዋጋ” ይለኛል። ወተት የለንም እኮ!

የዛሬው ደብዳቤ ስለ ትናንቱ ጨዋታ ነው። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ሲነገር ይበላሻል። ደብዳቤዬን ለሱዮን እየተረጎምክ እንደምታነብላት ስለነገርከኝ፣ አንተ የምታውቀውንም ለእሷ ብዬ እጽፋለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይይዛል፤ ወይ ወታደር፣ ወይ ጠንቋይ፣ ወይ ሌባ። ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ባለቤቱ ይናገራል። የቀረው ዓለም፣ ንጉሡም ጠላቱም ዝናቡም፣ የእኔ የአጫዋቿ ነው። ጎማ ቤት ያለው ሎውል አሁንም አለ፤ የደንቡን መጽሐፍ እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል። የተማሪ አውቶቡስ የምትነዳው ጆሊንም አለች። ኬንት ግን፣ እንደጻፍኩልህ፣ ኖቬምበር ላይ መኪናው ከመንገድ ተንሸራቶ ሞተብን።

ያልጻፍኩልህ የአባቱን ነገር ነው። ሃርላንን መቼም ታውቃቸዋለህ፤ ከወረቀት ፋብሪካው ጡረታ የወጡት ረጅሙ ሰውዬ። በአንድ የገና ምሳ ላይ፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ባለበት፣ “ጢም ያወጣ ወንድ ተቀምጦ ተረት ተረት ይጫወታል!” ብለው ሳቁበት። ኬንት ሹካውን አስቀምጦ ወጣ። በዚያው ተኮራርፈው ቀሩ። አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ገበያ እየገበያዩ፣ ሳይነጋገሩ ልጁ ሞተ።

ጃንዋሪ ላይ ሃርላን መጥተው በራችንን አንኳኩ። የኬንት ዳይሶች፣ ዕጣ የምንጥልባቸው ቁጥር ያላቸው ጠጠሮች፣ ያሉበትን የጨርቅ ከረጢት ይዘዋል።

“ይሄ የናንተ መሰለኝ” አሉ።

“የእሱ ነው” አልኳቸው።

መሄድም መግባትም አቅቷቸው ቆሙ። በኋላ “እዚህ ምን ነበር የሚያደርገው?” አሉኝ። መናገሩ ስለከበደኝ፣ “ይግቡና ይዩት” አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ የኬንት ወንበር ላይ ተቀምጠው የኬንትን ሰው ይዘው ይጫወታሉ። ፌን ይባላል፤ አጥር ዘላይ፣ ቁልፍ ሰባሪ፣ አፈ ጮሌ ነበር። በሃርላን እጅ ከገባ በኋላ ዝምተኛ ሆነ። ተራቸው ሲደርስ “እሱ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?” ብለው ጆሊንን ይጠይቃሉ፤ የነገረቻቸውን ያደርጋሉ።

አጫዋች መሆን የሚከብደው ማንም ያላሰበውን ነገር አንዱ ተነስቶ ላድርግ ሲል ነው። ጆሊን አንዴ ድብ ዘፍኜ ላስተኛ ብላኛለች። መጽሐፉ ስለዚህ ምንም አይልም። እኔ መጀመሪያ “ምን ፈልገሽ ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። የማይሆን ከሆነ አይሆንም እላለሁ። መሆኑ የማይቀር ከሆነ ሆነ እላለሁ። ዳይስ የምናስጥለው ሁለቱም ሊሆን ሲችል ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላደርግም፤ ሌላው የያዘው ሰው በልቡ ምን እንደተሰማው አልናገርም። ድልድዩን ብሰብር መብቴ ነው። የሰው ልብ ግን የእኔ አይደለም።

ትናንት በጨዋታው ሦስቱም በምሽግ ውስጥ ተከበዋል። ስንቅ አልቋል፤ ጠላት ደጅ ነው። ሎውል የመልሶ ማጥቃቱን ዕቅድ እየተነተነ ሳለ ሃርላን ማንንም ሳይጠይቁ፣

“ፌን ወደ ቤቱ ይሄዳል” አሉ።

“የት ቤት?” አለ ሎውል።

“አባቱ ቤት።”

“አሁን? ሃርላን፣ ተከበናል እኮ! የጓሮውን መውጫ የሚያውቀው ፌን ብቻ ነው። እሱ ከሄደ አለቀልን። ማርሊስ፣ ንገሪያቸው እንጂ!”

“ሰውዬው የእሳቸው ነው” አልኩት። “ልሂድ ካሉ ይሄዳል። መድረሱን ግን ዳይሱ ይናገራል።”

ሃርላን ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ጣሉት። ሦስት መጣ። ከሦስት በላይ ብዙ ያስፈልግ ነበር። ጠባቂዎቹ አይተውታል፤ ልናገር አፌን ስከፍት ሎውል ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

“ቆይ ቆይ ቆይ! የእኔ ወታደር በወዲያኛው ግንብ ላይ ወጥቶ ጥሩንባ ይነፋል። ‘ኑ እናንተ የበግ ለምዶች!’ ብሎ ይሳደባል። ጠባቂዎቹ ወደ እሱ ይሮጣሉ።”

“ቀስት ይዘንብብሃል” አልኩት።

“ይዝነባ! ሃርላን ደግመው ይጣሉ።”

ይህ ሎውል ነው እንግዲህ፤ አንድ ቀስት ሲባክን ሦስት እሑድ የሚያኮርፈው ሎውል። ሃርላን ደግመው ጣሉ፤ ዐሥራ ሰባት። ፌን በጨለማ ሜዳውን አቋረጠ፤ በረዶው ውስጥ ሄዶ ሄዶ አንዲት የእንጨት ቤት ደረሰ፤ በሩን አንኳኳ።

ሃርላን ቀና ብለው አዩኝ። “አባቱ በሕይወት አለ?”

ሶረን፣ ስለ ፌን አባት ኬንት አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ፈቃዱ የእኔ ነበር። ሞቷል ብል ይሞታል። “አለ” አልኩ።

“ማን ነው በሩን የሚከፍተው?”

በደንቡ እኔ ነኝ። ከእነሱ ከሦስቱ በቀር በዚያ ዓለም ያለ ሰው ሁሉ የሚናገረው በእኔ አፍ ነው። ግን አዛውንቱ የሞተ ልጃቸውን ሆነው በር ላይ ቆመው፣ እኔ እሳቸውን ሆኜ ልናገራቸው? ምን ብዬ? ባባርራቸው ግፍ ነው፤ አቅፌ ባስገባቸውም እሳቸው ያላሉትን ማለቴ ነው።

“ሃርላን፣ አባትየውን እርስዎ ይሁኑ” አልኩ።

“ፌንስ?”

“ፌን በሩ ላይ ቆሟል።”

ሃርላን ትላልቅ እጆቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

“ግባ። ብርዱ ይገባል፤ በሩን ዝጋው” አሉ።

የዚህ አገር አባት ከዚህ በላይ መቼ ይናገራል! ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና፣ “ምን አለ?” ብለው ጠየቁኝ። “ልጁ ምን አለ?”

ጆሊን በዓይኗ ለመነችኝ። ምን እንድል እንደምትፈልግ ገብቶኛል፤ አንዲት ቃል ነበረች። ሎውል፣ ለሁሉም ነገር ዳይስ ካልተጣለ የሚለው ሎውል፣ እጁን ዘርግቶ ዳይሶቹን ከሃርላን ፊት ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሰበሰባቸው። ይህ በዕጣ አይሆንም ማለቱ ነው። በእኔስ ይሆናል? ኬንት ያላለውን በኬንት አፍ ልበል?

“ምንም አላለም” አልኩ። “ጫማውን አውልቆ ገባ። ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ።”

ሃርላን ራሳቸውን ነቀነቁ። “ጫማውን ያወልቅ ነበር” አሉ። “እናቱ ናት ያስለመደችው።” ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ጆሊን ተነስታ ትከሻቸውን ይዛ ቆመች።

ካፖርታቸውን ለብሰው ሲወጡ ለሎውል ምን አሉት መሰለህ? “በሚመጣው እሑድ ፌን ይመለሳል። ጓደኞቹ ተከበው የለም እንዴ?”

“ቶሎ ይምጣ በሉት” አለ ሎውል። “ትከሻዬ ላይ ሁለት ቀስት ተሰክቷል።”

ዛሬ ጠዋት ጆሊን ደወለችልኝ። “አንዲት ‘ይቅር ብዬሃለሁ’ ብትሰጫቸው ምን ነበረበት? ጨዋታ አይደል?” አለችኝ። ተቆጥታለች። ጨዋታ ስለሆነ ነው ብላት አትረዳኝም፤ እኔም ራሴ ሙሉ በሙሉ ተረድቼው እንደሆነ እንጃ። ቀኑን ሙሉ ሳወጣው ሳወርደው ዋልኩ። እንደዚያ ብዬ ቢሆን ኖሮ ሃርላን ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር፤ ቤታቸው ሲደርሱ ግን ቃሉ የማርሊስ መሆኑን ያውቁታል። ወይስ ሳይገዳቸው ይቀር ነበር? አንተ ብትሆን ምን ትፈርድ ነበር? ጻፍልኝ፤ ሱዮንንም ጠይቃት።

አባትህ እንደሁልጊዜው ጨዋታው ውስጥ አልነበረም። ወጥ ቤት ሆኖ ዕቃ ያጥብ ነበር። ፌን የአባቱ በር ላይ ሲደርስ የውሃው ድምፅ ቆመ፤ ሃርላን ከቤታችን እስኪወጡም ድረስ ቧንቧው አልተከፈተም። ሁሉም ሲሄዱ ገብቼ ሳየው ሳህን ይወለውላል። ዞሮ ሳያየኝ፣

“ቡሳን አሁን ስንት ሰዓት ነው?” አለኝ።

“ሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ” አልኩት።

“ሥራ እየሄደ ነዋ።”

“አዎ፣ እየሄደ ነው።”

ያንኑ ሳህን ደግሞ ወለወለው፤ ደርቆ ነበር። ይህን ጻፊለት አላለኝም።

የረገጥከው በረዶ አያንሸራትትህ፤ የምትበላው ይስማማህ፤ የምትወዳት አትለይህ። ሱዮንን በእኔ ፈንታ እቀፋት። አባትህ እሑድ እሑድ ሁልጊዜም ቤት ነው፤ ስልኩም አጠገቡ ነው።

ሁሌም የምታስብህ እናትህ፣
ማርሊስ