ሐሙስ ያሸነፍነው ጨዋታ

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ፤

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ሆነ። እማ ስትቆጥረው ግን አሥራ አንድ ወር ከአራት ቀን ነው። የሷ ልክ ነው፤ አንተ የሞትከው ሐሙስ ነው። እኔ የሰማሁት ሰኞ ስለሆነ ለኔ የሞትከው ሰኞ ነው። በዚህ ነገር ተከራክረን አናውቅም፤ እሷ በሷ ትቆጥራለች፣ እኔ በኔ።

ለቅሶህ ላይ አላለቀስኩም። ከሰው ከምትሰማው ከኔው ስማው። የሰፈራችን የማንያታ ሴቶች መጀመሪያ «ደንግጣ ነው» አሉ፤ ሲቆይ «ኳስ ልቧን አድርቆት ነው» አሉ። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም። አንድ ጊዜ ነግሬህ ነበር፣ ኳስ ከቅርብ ተወርውሮ ክርን ላይ ሲያርፍ ክንድ ይደነዝዛል፤ የሚያመው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ልብስ ሲቀየር ነው። እስካሁን አላመመኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እማ ውኃ ቅጂ ስትለኝ እቀዳለሁ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማ ዒዳዋን፣ የባል ሐዘኗን ጨርሳለች። አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት ተቀምጣ የወጣች ዕለት መጀመሪያ የሄደችው ከከተማው ዳር ቡቲዬ፣ ፍየሎቹን ለማየት ነው። ሦስቱ ወልደዋል። ያቺ የሁሉን ድርሻ ካልበላሁ የምትለዋ አሁንም እንደዚያው ናት። የሰልባጁን ንግድ ወንድሜ ጀማል ይዞታል። ያንተን ምላስ ግን አልወረሰም፤ ገዢ ሸሚዙን ገልብጦ አይቶ ሲሄድ ዝም ብሎ ያየዋል። አንተ ብትሆን እያሳቅክ ድንበሩ ድረስ ትከተለው ነበር፣ ሲሻገርም ሸሚዙን ለብሶ ነው።

ሱቁን መያዝ አልቻልንም። ስልክ የሚጠግን ሰው ተከራይቶታል፤ ደህና ሰው ነው። ሲገባ የቆርቆሮ በሩን ከውስጥም ከውጭም አረንጓዴ ቀለም ቀባው። በሩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ምን እንደሆነ የነገረው የለም። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ብሩሹን ሲያጥብ ሁሉ አይቼዋለሁ።

በሩ ላይ የነበረው የሴቶች ብሔራዊ የእጅ ኳስ ቡድናችን ታሪክ ነው፤ እኔ በረኛ ከሆንኩ ወዲህ ያለው በሙሉ። ከየትኛው አገር ጋር እንደተጫወትን፣ የት እንደተጫወትን፣ ምን እንደሆንን በጠመኔ ትጽፈው ነበር። አብዛኛው መሸነፍ ነው። ጎረቤት አገሮችን እናሸንፋለን፤ አህጉሩ ሁሉ የሚሰበሰብበት ውድድር ስንሄድ ግን እንመታለን። ከሰሜንና ከምዕራብ የሚመጡት ከልጅነታቸው አዳራሽ ውስጥ የሠለጠኑ ናቸው፤ እኛ ግማሻችን ሲሚንቶ ላይ ወድቀን ያደግን ነን። በሩ ሲከፈት ዝርዝሩ ለገዢ ስለሚታይ፣ አንዳንዱ ያነብና «አቦ፣ ይሄ ቡድን መቼ ነው የሚያሸንፈው?» ይልህ ነበር። አንተም ከጎን ያለውን ሌላ ቁጥር ታሳየዋለህ፤ የገባብኝን ሳይሆን የመለስኩትን። የገባው የአገር ነው፣ የተመለሰው የልጄ ነው ትል ነበር።

ጨዋታውን መጀመሪያ መች ታውቀው ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቼ በረኛ አደረጉኝ ስልህ እግር ኳስ መስሎህ ተቆጣህ። በእጅ ነው ስልህ ይበልጥ ግራ ገባህ። ግን በሚቀጥለው ጁምዓ ከሰላት መልስ ቡቲዬ ወሰድከኝ፤ ስፋቱን በእርምጃህ ለክተህ ሁለት የግራር እንጨት ተከልክ። ኳስ አልነበረንም። ከሰልባጁ መካከል ጥንድ ያጡትን ካልሲዎች በጆንያ ይዘህ ነበር፤ ሦስት አራቱን አንድ ላይ እየጠቀለልክ ትወረውርብኝ ጀመር። ካልሲ አያሳምምም፣ ግን አየር ላይ ወዴት እንደሚታጠፍ አይታወቅም። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች አባትና ልጅ ተጣሉ ብለው ሊገላግሉን ሮጠው መጡ። ለዓመታት በየጁምዓው እንደዚያ ስናደርግ ኖርን። አሠልጣኞቼ እጄ ከሰው ፈጠነ ሲሉ የካልሲውን ነገር ነግሬያቸው አላውቅም፤ አፍሬ ነው።

አሁን ወደማልወደው ወሬ ልምጣ። የዚያ ሳምንት ውድድር አምስት ጨዋታ ነበረው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ እንደ ልማድህ ሁለት ቃል ትልክልኛለህ፤ «ስንት መለስሽ?» ቁጥሩን እነግርሃለሁ፣ በሩ ላይ ይጻፋል፣ አለቀ። ማክሰኞ ተሸነፍን፣ ጠየቅከኝ። ረቡዕ ረፋድ ላይ ተሸነፍን፣ ጠየቅከኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሸነፍን። በሁለት ጎል ነው። መጨረሻ ላይ የመጣብኝን የሰባት ሜትር ቅጣት ምት በግራ እግሬ መለስኩት። ልጆቹ ላዬ ላይ ወደቁ፣ እኔም ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ሳቅኩ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ አባዬ። ልብስ መቀየሪያ ገብቼ ስልኬን ስከፍት ካንተ ስልክ መልእክት መጥቷል፤ «እንኳን ደስ አለሽ ልጄ፤ ኮርቼብሻለሁ» ይላል። አንተ የዚያን ዕለት ንጋት ላይ ሞተህ፣ ቀትር ላይ ከዙህር ሰላት በኋላ ተቀብረህ ነበር።

የጻፈው ጀማል ነው። ውጤቱን በስልኩ ሲከታተል ነበር። ማወቅ ነበረብኝ። አንተ ኮርቼብሻለሁ ብለህ አታውቅም፣ ያ መልእክት ደግሞ ስንት እንደመለስኩ አልጠየቀም። አሥራ ሦስት ነበር፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። ይልቁንስ እስከዚያ ቀን ከላክህልኝ ሁሉ ይበልጥ እሱ ደስ አለኝ። አብራኝ ለምታድረው ልጅ አሳየኋት፣ አባቴ ኮራብኝ አልኳት። ከሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ያንተን ቃልና ያንተ ያልሆነውን መለየት አልቻልኩም፣ ያንተ ያልሆነውን ደግሞ አብልጬ ወደድኩት።

አርብም ቅዳሜም ተሸነፍን። ስደውል እማ ታነሳለች፤ አንዴ ጉሮሮህ ተዘግቷል ትለኛለች፣ አንዴ ፍየል ልትገዛ ገጠር፣ ኦቦ ሄደሃል፣ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም። አመንኳት። የኦቦን መንገድ ስለማውቅ ዝናብ እንዳይዝህ ብቻ አሰብኩ።

ሰኞ ሞያሌ ስወርድ አውቶቡስ መቆሚያው ስቴጅ ላይ የቆመው ጀማል ብቻ ነበር። በቦዳ ቦዳ ሞተር አድርጎ ቤት ሳይሆን ጎረቤታችን ማማ ሐሊማ ቤት ወሰደኝ። ውኃ ሰጡኝ፣ ታጠብኩ። ሩዝ በሥጋ፣ ፒላው አቀረቡልኝ። ሁለት ቀን መንገድ ላይ ስለነበርኩ ርቦኛል፤ አንድ ሳህን በላሁና ጨምሩልኝ አልኩ። ስምንት ዘጠኝ ሰው ከቦኝ ተቀምጧል፤ ከኔ በቀር እጁን ወደ ሳህኑ የሰደደ የለም። መርዶ ለባዶ ሆድ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ስንት ቤት ሲደረግ አይቻለሁ። የኔ ሲሆን አላወቅኩም። ሁለተኛውን ሳህን ስጨርስ ማማ ሐሊማ «ፖሌ፣ አይዞሽ ልጄ» ብላ እጄን ያዘች፣ ከተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ተናገሩ። ጣቶቼ ላይ ዘይት ነበረ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀኑን። ሐሙስ ሲሉኝ ጨዋታዎቹን በልቤ ለሁለት ከፈልኳቸው። አንተ እያለህ ሁለት፣ አንተ ሳትኖር ሦስት። ድሉ የወደቀው አንተ ከሌለህበት ወገን ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለብሔራዊ ቡድኑ ተጠራሁ። ያው ውድድር ነው፣ ያው ሩቅ አገር። ለእማ አንድ ነገር አልኳት፤ የምሄደው ከማልሽልኝ ነው፣ ምንም ነገር ቢደርስ በዚያው ቀን ትነግሪኛለሽ፣ ካልሆነ ኳሱ ይቅርብኝ አልኳት። እሷ የደም ግፊት አለባት፤ ስለ ራሷ እንደምናገር ገብቷታል።  በሦስተኛው ቀን ሩዝ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ። አልምልም አለች። ያን ጊዜ የደበቅሁሽ በራሴ አይደለም፤ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ከዐስር ሰላት በኋላ ደረቱን ሲይዘው አባትሽ ራሱ ነው ያዘዘን፣ «ጨዋታዋን ትጨርስ፣ እኔ እንደሆን የትም አልሄድባትም» ብሎ፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ አለች።

አንተ ነህ እንዴ አባዬ? አሥራ አንድ ወር ሙሉ እናቴን በልቤ ስከስሳት የኖርኩት አንተ ባዘዝከው ነው? የትም አልሄድባትም ማለትህ ደግሞ ያንተው ቀልድ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ ማንም ሌላ ሰው እንደዚያ አይልም። ተቆጣሁህ። ከሰኞው ቀን ወዲህ የተሰማኝ ነገር ቢኖር እሱ ቁጣ ነው። ወጥቼ ጀማልን ጠየቅኩት፤ መልእክቱንም አባዬ ነው ያዘዘህ? አልኩት። አይደለም አለ፤ አባዬ ምን ብሎ እንደሚጽፍልሽ አላውቅም ነበር፣ እኔን ቢለኝ ደስ የሚለኝን ጻፍኩልሽ አለ። ልብሱን ማጣጠፉን አላቆመም። ይሄን ልጅ አንድ ቀን ኮራሁብህ ብትለው ምን ነበረበት?

እሄዳለሁ ብያለሁ። እማንም መሐላውን ተይው አልኳት። ዛሬ ከቡድኑ የመጣውን ቅጽ ስሞላ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። በጉዞው ላይ አንድ ነገር ቢደርስብኝ ለማን ይነገር ይላል። ድሮ ያንተን ስም ነበር የምጽፈው። አሁን የእማን ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁና፣ ስልኩ ጠርቶ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ስታነሳው ታየኝ፤ የማታውቀው ሰው በማትሰማው እንግሊዝኛ ሲነግራት። የማማ ሐሊማን ስምና ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ ሄጄ ሴትየዋን አስፈቀድኳት፤ ለእማ እንዴት እንደምትነግራት፣ ማንን ይዛ እንደምትሄድ፣ ጀማል መጀመሪያ እንዲመጣ፣ ቀስ ብላ እንድታደርገው፣ ቀንም ቢሆን ሁለትም ቀን ቢሆን እንድትጠብቅ አንድ በአንድ ነገርኳት። ልወጣ በሯ ላይ ስደርስ ነው ምን እየተናገርኩ እንደነበር የሰማሁት።

ለእማ አልነገርኳትም። ብታውቅ ትቆጣለች፤ ትቆጣ። እኔም ገና አልበረደልኝም፤ አንተን ግን ተቆጥቼም ቢሆን፣ በየትኛውም አገር ሜዳ ላይ ብቆም፣ እስካለሁ አልረሳህም።

ልጅህ