የእምቧዩ አበባና የእኔ ለቅሶ

ለተወደዱት እናቴ ለወይዘሮ በላይነሽ፤

እማማ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ብርዱ እንዴት አደረገው? ዓይንዎስ? ለቅሶ የበዛበት ዓይን ይደክማልና ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ እሱ ነው። እህቴ ዘውድነሽ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሁሉ እንደምን ነው? እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ በጣም ደህና ነኝ። ይህን ቃል በየደብዳቤዬ ስጽፈው ኖሬአለሁ፤ እንደ ዛሬ ግን ከብዶኝ አያውቅም። እንደማያምኑኝ ዘውድነሽ ጽፋልኛለች።

አጎቴ ገብረወልድ ከእኔ ዘንድ ተመልሶ «በዓይኔ አየሁት፣ በእጄ ዳሰስኩት» ብሎ ቢምልልዎ፣ «አባቱ የሞተ ጊዜም እህሉ እስኪሰበሰብ ደህና ነው እያልክ ምለህልኛል» ብለው መለሱት አሉ። ጥቁሩንም አላወልቅም ብለዋል። እውነትዎን ነው። በእኛ አገር መርዶ እስኪነገር ድረስ መዋሸት ነውር አይደለም፤ በሟች ስም ደብዳቤ የሚጽፍም አለ። ስለዚህ ይመኑኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ የሆነውን ብቻ ላጫውትዎ።

እንደሚያውቁት ፎቶ ቤት ውስጥ ሰው ከመጋረጃ ፊት አስቀምጬ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሳነሳ እውላለሁ። ዘንድሮ ካሜራ ፊት የሚቀመጠው ሁሉ ፊቱን ቆልፎ ነው። ያንን ሳይ ውዬ ነፍሴ ሌላ ነገር ትሻለች። አንድ ቀን ሌንሱን ፈትቼ፣ ገልብጬ ባይበት አንዲት ጉንዳን አውራ ጣት አክላ ታየችኝ። ከቲማቲም ቆርቆሮ ቀለበት ቆርጬ ሌንሱን እንደተገለበጠ ካሜራው ላይ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ከከተማ በወጣሁ ቁጥር አበባና በላዩ የሚያርፈውን ነፍሳት አነሳለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ወዬሳ «ሰው አልቆ ነው ትል የምታነሳው?» እያለ ያሾፍብኛል።

በኅዳር መጀመሪያ እኔና ወዬሳ የገበሬ ማኅበር አባላትን ፎቶ ልናነሳ ቡልቡላ ሄድን። ሰዉ እስኪሰበሰብ ብዬ በጠዋት ከአውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው ሜዳ ወጣሁ። እምቧዩ አብቦ ነበር። ከእርሻው ዳር እየነቀሉ የሚጥሉት እምቧይ ከቅርብ ሲያዩት እንዴት ያምራል መሰለዎ! ቅጠሉን ለስላሳ ጠጉር ሸፍኖታል፤ ከአበባው መካከል ቢጫዎቹ ዘንጎች እንደ ጧፍ ቆመዋል። አንዲት ንብ፣ ብርዱ አደንዝዟት፣ ክንፏ ጤዛ እንዳዘለ እዚያው አድራለች። ፀሐይ ካሞቃት መብረሯ ነው። እንዲያ ተጠግተው ሲያነሱ ደግሞ ትንፋሽ እንኳ ምስሉን ያበላሻል። በሆዴ ተኛሁ። ነፋሱን እንዲከልልልኝ እርስዎ ፈትለው ያሠሩልኝን ባለ አረንጓዴ ጥለት ጋቢ ከራሴ በላይ ተከናንቤ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

ለካ በዚያው ሰዓት የአገራችን ነጋዴ አቶ አምባዬ ከሻሸመኔ በሚመጣው አውቶቡስ ላይ ነበር። በመስኮት ቢያይ ጋቢ የለበሰ ሰው ሜዳ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ አይንቀሳቀስም። ጋቢው ሲሠራ ሸማኔው ቤት አብሮዎት ነበርና ጥለቱን አወቀው። አውርዱኝ ቢል ማን ይቆምለታል? ዘንድሮ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ሲያይ ፊቱን የማያዞር የለም፤ ጠጋ ያለውን «ምንህ ነው?» ብለው ይይዙታል። አምባዬን አልተቀየምኩትም፤ እኔም ብሆን አልወርድም ነበር። የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው፤ ለንብ ዓይን የምጠጋውን ያህል ለሰው መጠጋት ፈርተናል።

አምባዬ ባመጣው ወሬ እናንተ ድንኳን ጥላችሁ ስታለቅሱ እኔ ምንም አላውቅም። አጎቴ የት እንደተቀበርኩ ሊጠይቅ ፎቶ ቤት ሲገባ ደንበኛ መስሎኝ «ይቀመጡ» እያልኩ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣሁ። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ትንፋሹ ሲመለስ ተነሥቶ በከዘራው ጀርባዬን አቀመሰኝ፤ ከዚያ አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። በራሱ ለቅሶ ላይ ያለቀሰ ከእኔ ሌላ ማን አለ?

ያን ጊዜውኑ መምጣት ነበረብኝ፤ ቀበሌው ግን ለለቅሶ ካልሆነ የይለፍ ወረቀት አይሰጥም። ተመላልሼ ተመላልሼ በመጨረሻ ለለቅሶ ነው አልኩ። ጸሐፊው «ማን ሞቶብህ?» ሲለኝ «እኔ» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ነገሩን ሳስረዳው ማኅተሙን መታልኝ።

የንቧን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የአበባው ሐምራዊነት አይታይም። ለገና እደርሳለሁ። እስከዚያ ጥቁሩን አያውልቁ፤ በወረቀት ቃል እንዲያወልቁት አልፈልግም። ደጃፍ ላይ ይቀመጡ፣ ከሩቅ እያዩኝ ቀስ ብዬ እመጣለሁ። ፊቴን በእጅዎ ዳስሰው እኔ መሆኔን ሲያረጋግጡ ጥቁሩን እኔው አወልቅልዎታለሁ። ለተዝካሬ የተጠመቀው ጠላም አይደፋ፤ ባለቤቱ መጥቶ ይጠጣዋል።

ይህን የምታነብልዎትን ዘውድነሽን ይሳሙልኝ። አጎቴን የከዘራው ምልክት ጠፍቷል ይበሉልኝ። አምባዬን እንዳይሸሸኝ ይንገሩልኝ፤ ቤቱ ድረስ ሄጄ እስመዋለሁ። ፍትሐት ያደረሱልኝን የነፍስ አባታችንንም እጅ ይንሡልኝ፤ ጸሎቱ ለአባባ ይሁንልኝ።

በሕይወት ያለው ልጅዎ
ኃይለየሱስ

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 ዓ.ም.